ብርድ ፈሪው አያ ፈንታ

አያ ፈንታን ብርድ ገደለው ሲሉኝ ሳቅሁ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ሠርቼ አላውቅም። ግን ወሬውን በስልክ የነገረኝ ሰው ራሱ ቃሉን ሳይጨርስ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ እሱ ማልቀስ ጀመረ። የሱዳኗን ገዳሪፍን የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል። ውሻው እንኳ መኪና ስር ተኝቶ ሞተሩ ሲነሳ፣ ፀሐይ ላይ ከመውጣት መገጨቱን የሚመርጥበት ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ሰው በብርድ ሞተ ሲባል ምን ይባላል?

ሐኪሙ ወባ ነው ብሏል። ወባ ሲጀምር እንደሚያንዘፈዝፍ ማንም ያውቃል። አያ ፈንታ ግን ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ፣ «ወባ አይደለም፣ ብርድ ነው። ብርድ እንደሚገድለኝ ድሮም ነግሬያችሁ አልነበረም?» እያለ ነው የሞተው አሉ። ክርክር መሸነፍ የማይወድ ሰው ስለነበር አመንኳቸው።

እኔ እሱን የማውቀው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ የሐጅ ጠይብን ነጭ የጭነት መኪና ስነዳ። ሐጅ ጠይብ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። መኪናዎች የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ በግቢው መሃል ደግሞ አንድ የኒም ዛፍ። አንድ ብቻ። አያ ፈንታ መካኒክ ነበር፣ የሚሠራውም ከዚያ ዛፍ ስር ነው። ቁልፎቹና ፒንሳዎቹ ከቅርንጫፎቹ ላይ ተንጠልጥለው ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳሉ። ግንዱ ላይ በተመታ ምስማር ጋቢው ይሰቀላል። ከግንዱ ስር አንድ እግሯ ያጠረች በርጩማ አለች፤ በእሷ ላይ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ከተቀመጠ ይወድቃል። እሱ ግን ሚዛኗን ያውቃል።

የአርማጭሆ ደጋ ሰው ነው። አባቱ ወጌሻ ነበሩ፤ እሱም የአባቱን ሙያ ከሰው ወደ መኪና አዛወረው እንጂ አልተወውም። መኪና ሲመጣለት ቁልፍ አያነሳም። መጀመሪያ ይዳብሳል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእጁ ጀርባ፣ ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ ብረቱን። ሾፌሩ የመኪናውን ችግር ማስረዳት ከጀመረ ይቆጣል።

«አንተ ዝም በል። በሽተኛው ሌላ ነው።»

ብርድ መፍራቱ ግን ልክ አልነበረውም። እኛ ሀበሾች ንፋስ መታኝ ማለት እንደምንወድ አውቃለሁ፤ የአውቶብስ መስኮት ስለመክፈትና ስለመዝጋት ስንት ጠብ አይቻለሁ። አያ ፈንታ ግን ከሁላችንም ያልፋል። ከፍሪጅ የወጣ ውሃ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ካላሞቀው አይጠጣም። አንድ ቀን ከዶካ ወደ ገዳሪፍ በአውቶብስ ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ በላብ ሲንቆረቆር፣ እሱ ከመቀመጫው ተነስቶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየዘጋ ሄደ። «ላብ ላይ ንፋስ ይመታችኋል፣ እናንተ ሰዎች! ለራሳችሁ ነው!» ይላል። ሱዳኖቹ መንገድ ላይ አውርደው ሊጥሉት ጥቂት ነበር የቀራቸው። እኔ እንደማላውቀው ሆኜ ውጭ ውጭውን አየሁ። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

በግቢው ግድግዳ ሥር ደግሞ ኡስታ፣ ማለት ባለሙያው፣ ሙስጠፋ አለ። የገዳሪፍ ልጅ ነው፤ ሥራው የመኪና ኤሲ ጋዝ መሙላት። የግድግዳው ጥላ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሙስጠፋ በተቀደደ ጃንጥላ ነው የሚውለው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ዛፉ ላይ ነው። ጥላው ፀሐይዋን እየተከተለ ሲዞር የጋዝ ጠርሙሱን ቀስ እያደረገ ወደ ጫፉ ያስጠጋል፤ አያ ፈንታ ደግሞ በእግሩ ገፍቶ ይመልሰዋል። ይሰዳደባሉ። መጀመሪያ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም ነበርና ስድቡ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። ይህ ሁለቱንም ስላናደዳቸው ተማሩ። አያ ፈንታ ዓረብኛ፣ ሙስጠፋም አማርኛ የለመዱት ለመሰዳደብ ብለው ነው። ስለዚህ ሙስጠፋ በአማርኛ ደህና ዋልክ ማለት ከመቻሉ በፊት፣ «አንተ የተልባ ስፍር» ማለት ይችል ነበር። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። ሐጅ ጠይብ ወፍራም፣ ደግና ላባቸው የማያልቅ ሰው ናቸው። በየሳምንቱ እርሻቸውን ለማየት ከእኔ ጋር ጋቢና ገብተው ወደ ዶካ ይወርዳሉ። የመኪናው ኤሲ ግን የሚነፋው ትኩስ ነው። ሙስጠፋ ጋዝ ሞላው፤ ትኩስ። ደግሞ ሞላው፤ ያው ትኩስ። ሦስተኛ ጊዜ ሞልቶ ሞክረን ስንመለስ፣ ሐጅ ጠይብ ጀላቢያቸውን እየጨመቁ ከጋቢና ወረዱ። ልክ በዚያች ደቂቃ ሁለቱ ሰዎች ስለ ጥላ ይጨቃጨቁ ነበር። ሐጁ ግቢው መሃል ቆመው ጮኹ።

«ወላሂ ሰለቸኝ! ስሙኝ፤ ይህን መኪና ያቀዘቀዘ ሰው ዛፉ የሱ ነው። ብቻውን! የተሸነፈው ደግሞ ከዚያ ወዲያ የዛፉን ጥላ በእግሩ እንዳይረግጥ። በቃ፣ ኸላስ!»

ሙስጠፋ ፈነደቀ። እሱ ምን ያጣል? ድሮም ጥላ የለውም። የአያ ፈንታ ፊት ግን ጠቆረ። ሐጁ ሲገቡ ጠራኝ።

«ሲሳይ ልጀ፣ ከዚህ ዛፍ ከወጣሁ በዚህ እድሜየ ፀሐይ ላይ ሳምንት አልቆይም። ሀገሬ ልግባ ብል ደግሞ እዚያ ያለው ብርድ ነው። እንግዲህ መኪናዋን ሞተሯን አስነሳና ግማሽ ሰዓት ተዋት። ትሙቅ።»

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮፈኑን አስከፈተኝ። ዓይኑን ጨፍኖ መዳበስ ጀመረ። ከሞተሩ ተነስተው ወደ ጋቢናው የሚገቡ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«የጋቢናው ማሞቂያ ተዘግቷል?»

«በገዳሪፍ ማሞቂያ ማን ይከፍታል አያ ፈንታ?»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» አለና እጄን ይዞ ቱቦው ላይ ለጠፈው። ጮህኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብርድ አገር ጋቢናውን ለማሞቅ ሲባል ከሞተሩ የፈላ ውሃ በአንዱ ቱቦ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። መሃል ላይ፣ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ውስጥ፣ ውሃው የሚዞርባት ትንሽ ሣጥን አለች። ማሞቂያውን ስንዘጋ በሣጥኗ ላይ ክዳን ይወርድባታል እንጂ ውሃው መዞሩን አይተውም። የእኛ መኪና አርጅታ ክዳኑ አልገጥም ብሏል። ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ያች የፈላች ሣጥን መልሳ ታሞቀዋለች።

«ምጣድ ጥደህ እያነደድህ ከጎኑ ተቀምጠህ ብታራግብ ምን ዋጋ አለው?» አለ አያ ፈንታ። «ይኸ ሙስጠፋ ደግሞ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጋዙ ምን አደረገ? ብርድ አይገዛም ልጀ። ሙቀት ነው የሚባረረው።»

ማባረሪያው ቀላል ነው። የሚገባውን ቱቦ ቆርጦ መሃሉ ላይ የውሃ ቫልቭ፣ ያው የቤት ቧንቧ የሚዘጋበትን፣ ማስገባት። መዝጋት። በቃ። የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄድን። የነሐሱ ቫልቭ አልቋል፣ ነገ ይመጣል አለን ባለ ሱቁ። ያለው የፕላስቲክ ነው። ስንመለስ ሙስጠፋ ከዛፉ ሥር ጥላውን በእርምጃ ሲለካ አገኘነው። የጋዝ ጠርሙሱን የሚያኖርበትን ቦታ በእግሩ ጣት ምልክት አድርጎበታል።

«ነገ ድረስ አልጠብቅም» አለ አያ ፈንታ፣ ተመልሶም ፕላስቲኩን ገዛ።

ቱቦውን ቆረጠ፣ ቫልቩን አስገባ፣ ግራና ቀኙን በማሰሪያ አጠበቀ። ሲጨርስ ጋቢውን ከምስማሩ አውርዶ እስከ አፍንጫው ተከናነበና ጋቢና ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በሮቹን ዘጋን። ኤሲውን ከፈትኩ። ለጥቂት ጊዜ ለብ ያለ አየር መጣ። ከዚያ እውነተኛ ብርድ፣ የወገራ ብርድ፣ ፊቴን መታኝ። እኔ እልል ልል ስል አያ ፈንታ በሩን በርግዶ ዘለለ።

«ዝጋው! ዝጋው! ጀርባየን መታኝ! ሠርቷል፣ በቃ፣ አይቻለሁ!»

ሙከራው አባታችን ሆይ ተደግሞ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ማን አስተዋለ።

በነጋታው ጠዋት ፍርዱን ልንሰማ ወደ ዶካ ተነሳን። አንድ ጋቢና ውስጥ አራት ሰው። እኔ መሪ ላይ፣ ሐጅ ጠይብ በመስኮቱ በኩል፣ መሃል ላይ ሙስጠፋና አያ ፈንታ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው። አያ ፈንታ በጋቢው ላይ ፎጣ ደርቧል። ከተማውን እንደወጣን ጋቢናው ቀዘቀዘ። ሐጁ እጃቸውን ወደ ንፋሱ ዘርግተው፣ «ያ ሰላም! ያ ሰላም!» አሉ። ሙስጠፋ ጣቱን የኤሲው መውጫ ላይ አኖረ።

«ጋዙ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ትናንትና ጋዝህ የት ነበር?» አለ አያ ፈንታ ከጋቢው ውስጥ፣ አስነጠሰም።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አንድ ነገር ጧ አለ። ከኮፈኑ ስር ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ስንከፍተው ፕላስቲኩ ቫልቭ ከፈላው ውሃ ጋር ሲታገል ቆይቶ እንደ ታኘከ ማስቲካ ተጣሟል። የሞተሩ ውሃ ግማሹ አስፋልት ላይ ፈሷል።

«ኸላስ!» አለ ሙስጠፋ እጁን እያጨበጨበ። «ዛፉ የኔ!»

አያ ፈንታ ቫልቩን አውጥቶ በመዳፉ ላይ ለረጅም ጊዜ አየው። ሰበብ ይፈጥራል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለሰበብ ማንም አያህለውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ትናንት ትንሽ ብቆይ ፕላስቲኩ መለስለሱን እጄ ይነግረኝ ነበር። ብርድ ፈርቼ ወረድሁ።»

ጀርካን ሙሉ ውሃ ነበረን። ያጣነው አንድ ቫልቭ ነው። ዙሪያውን የታጨደ የማሽላ እርሻ፤ ትንሽ ወደፊት ደግሞ መንገደኛ የሚሰግድባት የጭቃ መስጊድ ትታያለች። ከጎኗ የውሃ ታንከር አለ፣ ሰጋጆች የሚታጠቡበት። ከታንከሩ ሥር የምታብረቀርቅ የነሐስ ቫልቭ። አራታችንም አየናት። ሐጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የውዱእ ውሃ ነው። እኔ ይህን አልለምንም፤ ሐራም ባይሆን እንኳ ነውር ነው።» አያ ፈንታማ ክርስቲያን፣ ምን አፍ ኖሮት ይጠይቃል?

በዚህ መሃል ሙስጠፋ ምራቁን እንትፍ አለ፣ ኮፍያውን አስተካከለና ወደ መስጊዷ ሄደ።

ከጠባቂው ሽማግሌ ጋር እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ከሩቅ አየነው። ተመልሶ ሲመጣ አያ ፈንታን ሳይሆን መሬቱን እያየ ነው የተናገረው።

«ሽማግሌው እሺ ብለዋል። ግን ሰው በመያዣነት ይቀራል። ከዶካ አዲስ ቫልቭ እስኪመጣ ድረስ ለሰጋጆች ውሃ የሚቀዳ።»

«ለምን ጠየቅህ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ዛፉ እኮ የአንተ ሆኖ ነበር።»

«ጣቴ ቀዝቅዞ ነበር ያ ሲሳይ» አለኝ ተናዶ። «ምን ላድርግ? ጣቴ ቀዝቅዞ ነበር!»

አያ ፈንታ እንጨት ጠርቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታንከሩን ወተፈ። የነሐሷን ቫልቭ ቱቦው ላይ አጠበቀና ውሃ ሞላን። ከዚያ ማንም ሳይለው ጋቢውን አጣፍቶ ታንከሩ አጠገብ ቆመ። መያዣው እሱ ነው። ስንሄድ በመስተዋቴ አየሁት፤ ከላይ በጣሳ እየጠለቀ ለመጀመሪያው ሰጋጅ እጅ ላይ ውሃ ያፈሳል፣ አፉም አያርፍም። በኋላ ጠባቂው እንደነገሩን፣ «ውሃው ፀሐይ ላይ የዋለ ነው፣ አይዟችሁ፣ አይመታችሁም» እያለ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ቀዘቀዘች። እንዴት አድርጋ! ፈራጁ ሐጅ ጠይብ ግን ብርዱ እንደመጣ አንገታቸው ዘንበል አለ፣ አንኮራፉ። ዶካ ደርሰን ቫልቩን ገዝተን እስክንመለስ አልነቁም። ሙስጠፋ እጁን በብብቱ ውስጥ ከትቶ ፊት ለፊት ያያል።

መስጊዷ ጋ ስንደርስ አያ ፈንታ ጣሳውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ላቡ በጋቢው ላይ ወጥቷል። ዓይኑ ከእኔ ወደ ሐጁ፣ ከሐጁ ወደ እኔ።

«ቀዘቀዘች?»

እኔ አፌን ስከፍት ሐጁ ገሰጹኝ። «አንተ የሀገሩ ልጅ ነህ፤ ምስክርነትህ አይያዝም። እኔ ደግሞ አልዋሽም፣ ተኝቻለሁ። ሙስጠፋ ይናገር።»

ሙስጠፋ ከጋቢናው ሳይወርድ ቆየ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። አያ ፈንታ ጣሳውን በሁለት እጁ ጨብጦታል። አንዲት ቃል፣ «ለብ ብላለች» የምትል ቃል፣ ትበቃ ነበር። ማን ያውቃል? እኔ እንኳ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እርግጠኛ አይደለሁም።

«ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል» አለ ሙስጠፋ በአማርኛ። «በብርዱ ደንዝዟል። መውረድ አልቻልኩም። ና አውርደኝ፣ አንተ የተልባ ስፍር።»

አያ ፈንታ ጣሳውን ጣለና ሄዶ ተሸክሞ አወረደው። ከዚያ በኋላ ዛፉ የአያ ፈንታ ሆነ። ሙስጠፋም የጋዝ ጠርሙሱን አላስጠጋም። አያ ፈንታ ሲደብረው ይጠራዋል፣ ይለምነዋል፣ «ና ባክህ፣ የሚሰደብ አጣሁ» ይለዋል። ሙስጠፋ ጫፉ ላይ፣ ፀሐዩ በኩል ቆሞ ይመልስለታል እንጂ ጥላውን በእግሩ አልረገጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሱም ቃሉን ያዘ።

ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ወደ መተማ ወጣሁ። አያ ፈንታ አልወጣም። «ሁለት ቀን መንገድ ላይ ንፋስ ሊመታኝ ነው?» አለ።

ለአርባው ደረስኩ። ድንበሩ ተከፍቶ ስለነበር በዶካ በኩል አድርጌ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩ። ዛፉ እንዳለ ነው። ቁልፎቹና ፒንሳዎቹ ቅርንጫፉ ላይ ይንኳኳሉ። ጋቢው ምስማሩ ላይ። አጭር እግር ያላት በርጩማ ከግንዱ ሥር። ከጥላው ውስጥ ግን ሰው የለም። ሙስጠፋ በግድግዳው ሥር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በዚያው በተቀደደ ጃንጥላ። ኮፈኑ በተከፈተ መኪና ላይ ጎንበስ ብሏል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ጀርባ ቱቦ ይዳብሳል። አጠገቡ አንድ የነሐስ ቫልቭ ተዘጋጅቷል።

«ሁለቱም ቱቦዎች ትኩስ ናቸው» አለኝ ቀና ሳይል፣ ትናንት የተለያየን ይመስል። ከዚያ ተቃቀፍን። ለረጅም ጊዜ አለቀስን።

«ሙስጠፋ፣ ጥላው እኮ ባዶ ነው» አልኩት።

«የዐም ፈንታ ነው» አለ፤ ዐም በእነሱ አያ እንደማለት ነው።

«ሞቷል እኮ!»

«ሐጅ ‹ዛፉ የሱ ነው› አሉ። ‹እስኪሞት› አላሉም።»

ብዙ ለመንኩት። ሐጁ ራሳቸው ለምነውት እንቢ ብሏቸዋል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አያ ፈንታ ያን ጊዜ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በዚህ ፀሐይ ስንት ዓመት ይቆያል? በመጨረሻ ሌላ ነገር ሲጠፋኝ እንዲህ አልኩት፤

«እሺ ስማኝ። አያ ፈንታ አሁን የት ነው ያለው? መቃብር። መቃብር ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ በዚያ ብርድ አንዲት ቀን የሚተኛ ይመስልሃል? ተነስቶ መጥቷል። ከመጣ ደግሞ የሚቀመጠው ጥላ ውስጥ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ?»

ሙስጠፋ ዛፉን አየ። ከዚያ ጃንጥላውን አየ። ጃንጥላውን አጠፈና ቀስ ብሎ ወደ ዛፉ ሄደ። ጥላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ገባ። በርጩማዋን አነሳ፣ ጋቢውን ከምስማሩ አወረደ፣ ሁለቱንም ይዞ ተመልሶ ወጣ። በርጩማዋን እሱ ሲሠራበት በኖረው ቦታ፣ ፀሐዩ መሃል አኖራት። አጭሯ እግር ስር ድንጋይ አደረገላት። ጋቢውን አጣጥፎ ላይዋ ላይ አኖረ።

«በደንብ ይሙቀው» አለ፣ የመሣሪያ ሣጥኑንም ጎትቶ ወደ ጥላው ገባ።